መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ መጨረሻ ገንዘብ
ያገለገለ ባጃጅ በስልክ ማስታወቂያ ለሚገዙ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አድማጮች የተዘጋጀ የሬዲዮ ትምህርት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 

የከብት ገበያ ውሎ የሚያውቅ ሰው በሬ እንዴት እንደሚገዛ ያውቃል። ገዢው መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ይጠጋና ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ይመለከታል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ኮቴውን ያያል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ቀጥሎ ወደ ሻጩ ዞሮ «ዋስ አለህ ወይ?» ይለዋል፤ በሬው የተሰረቀ ቢሆን የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። ገንዘቡ ከመቀነት የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አባቶቻችን ይህን ቅደም ተከተል ማንም ሳያስተምራቸው ጠብቀውት ኖረዋል፦ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ዋስ፣ መጨረሻ ገንዘብ።

ዛሬ ገበያው ከሜዳው ወደ ስልካችን ገብቷል። ሰበታ ቁጭ ብለን ሱሉልታ ያለ ዕቃ እናያለን። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸው ቻናሎች አሉ፤ ፌስቡክ ላይ የሽያጭ ገጾች አሉ፤ እንደ ጂጂ ያሉ የማስታወቂያ ድረ ገጾችም አሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መጥቶልን ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ይህ ሁሉ መልካም ነገር ነው፤ ድካም ይቀንሳል፣ ዋጋ ለማወዳደር ይረዳል። ነገር ግን አንድ አደጋ አለው። ዓይናችን ገና ዕቃውን ሳያይ፣ እጃችን ገንዘቡን ሊልክ ይችላል። ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው ዝግጅታችን የቆመውም በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

የመረጥነው ዕቃ ያገለገለ ባጃጅ ነው። ለምን እንደመረጥነው ልንገራችሁ።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ፣ ሦስቱም አዲስ አበባን ከብበው ያሉ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከሌሎችም ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ትልቁ ታክሲና አውቶቡስ የሚያደርሰን ዋናው አስፋልት ድረስ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ወደ አዳዲሶቹ መንደሮች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚያስገባን ብዙ ጊዜ ባጃጅ ነው። ነፍሰ ጡሯን በሌሊት የሚያደርሳት፣ የጤፍ ከረጢቱን ከወፍጮ ቤት የሚመልሰው እሱ ነው። ለብዙ ወጣት ደግሞ ባጃጅ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ነው። በእቁብ፣ በብድር፣ ወይም ቤተሰቡ ባዋጣለት ገንዘብ ይገዛዋል። ስለዚህ በባጃጅ ግዢ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው ብረቱን ብቻ አይሆንም፤ የእናቱን እቁብ፣ የራሱን የሁለትና የሦስት ዓመት ልፋት ያጣል። ይህን ጉዳይ በርጋታ ልንነጋገርበት የፈለግነው ለዚህ ነው።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበላችሁ። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው፤ ኩባንያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ተመሠረተ። የባለ ሦስት እግሯ መነሻ ግን ጣሊያን ናት። ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ በ1948 «አፔ» የምትባል ባለ ሦስት ጎማ ሠራ፤ አፔ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው። የጋራዥ ቋንቋችንም ከጣሊያንኛ ብዙ ወርሷል፦ ካንዴላ፣ ፋሻ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ሊብሬና ቦሎ ሳይቀሩ። ዛሬ እነዚህን ቃላት እየደጋገምን ስለምንጠራቸው፣ ለጋራዥ እንግዳ የሆናችሁ አድማጮች በየቦታቸው ትርጉማቸውን እንነግራችኋለን።

የአሮጌ ተሽከርካሪ ገበያ ለምን እንደደራም ማወቅ ይጠቅማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በኋላ የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ መለዋወጫም ጭምር፣ ይህን ዋጋ ይሸከማል። አዲስ ለመግዛት አቅም ያጠረው ሰው ያገለገለ ይፈልጋል። ፈላጊ በበዛበት ገበያ ደግሞ ችኮላ ይበዛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ እንዳናፈስ እንነጋገር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አንድ ምሳሌ እናንሳ። ለትምህርት ያዘጋጀነው ምሳሌ እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ቡራዩ የሚኖር አንድ ወጣት አለ እንበል። እቁብ ደርሶታል፤ ያገለገለ ባጃጅ ሊገዛ ነው። ማታ ስልኩን ከፍቶ ሦስት ማስታወቂያ አገኘ።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «አስቸኳይ ሽያጭ። ቡራዩ። ሞተሩ ያልተነካ። ከደላላ ነጻ። ዋጋ በውስጥ መስመር።» ፎቶው ያማረ ነው፤ ሰሌዳው ግን በጣት ተሸፍኗል። ወጣቱ በውስጥ መስመር ጠየቀ። የተነገረው ዋጋ ሌሎች ከሚጠይቁት በብዙ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ከሱሉልታ ነው። ፎቶዎቹ ጭቃ የነካውን ባጃጅ ያሳያሉ፤ የኋላ ወንበሩ አንድ ቦታ ተቀዷል። ዋጋው ተጽፏል፤ «ድርድር አለው» ይላል፤ ሰሌዳውም ይታያል።

ሦስተኛው ከሰበታ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ አዲስ ሸራ የለበሰ፣ ሲታይ ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል።

የትኛውን ያስቀድም? እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ወጣቱ ለመጀመሪያው ሻጭ «እኔም ቡራዩ ነኝ፤ አሁኑኑ መጥቼ ልየው» ብሎ ጻፈለት። ሻጩ መለሰ፦ «እኔ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቻለሁ፤ ባጃጁ ወንድሜ ግቢ ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሊወስደው ነው። ከፈለግህ አሥር ሺህ ብር በቴሌብር ላክና እይዝልሃለሁ።»

እዚህ ላይ አድማጮች ቆም በሉ። ዕቃው እዚያው ቡራዩ ነው ተብሏል፤ ገዢውም ቡራዩ ነው፤ ግን መተያየት አልተቻለም። ገንዘቡ ግን ከየትም ሆኖ እንዲላክ ተጠይቋል። የማጭበርበር ዘዴው ብዙ መልክ አለው፤ አንዱ ወንድሜ ታሟል ይላል፣ ሌላው ወደ ውጭ አገር ልሄድ ነው ይላል፣ ሌላው ሦስት ሰው እየጠበቀኝ ነው ይላል። ሥሩ ግን አንድ ነው፦ ገንዘብን ከዓይን ማስቀደም። አጭበርባሪ የሚደክመው ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው። ስለዚህ ታሪኩ እውነት ይሁን ውሸት ለመመርመር አትድከሙ። ጥያቄያችሁ አንድ ብቻ ይሁን፦ ዕቃውን ሳላይ ገንዘብ ተጠየቅሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ፣ ስልኩን ዝጉ።

ይህን ሻጭ የሚያጋልጡ ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ። ሰሌዳው ተሸፍኗል። ዋጋው ከገበያው እጅግ ወርዷል። ፎቶውን ከሌላ ሰው ማስታወቂያ ወስዶት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ሻጩን «እባክህ አሁን ቪዲዮ ቀርጸህ ላክልኝ፤ ሞተሩን አስነሣው፤ የዛሬውን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈህ ባጃጁ ላይ አስቀምጠው» በሉት። ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ይህን በአምስት ደቂቃ ያደርገዋል። ዕቃው የሌለው ሰው ይቆጣል፣ ወይም ሰበብ ይደረድራል።

ወጣታችን የመጀመሪያውን ተወው። ወደ ሱሉልታ ደወለ። ሻጩ «ነገ ጠዋት ና» አለው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ባጃጅ እንዴት ይታያል?

ጠዋት መሄዱ ጥሩ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ብርዳም አገር ስለሆነች ለዚህ ትመቻለች። ያረጀ ሞተር ድካሙን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው። ስለዚህ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩ እንዳይነሣ ለሻጩ ንገሩት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ነካ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተነሣ ጠይቁ። ከዚያ በሞተሪኖው፣ ማለትም በማስነሻው፣ አስነሡት። አንዴ ወይም ሁለቴ ሞክሮ ቢነሣ ደህና ነው። ደጋግሞ እያለቀሰ የሚነሣ ከሆነ ባትሪው፣ ካንዴላው፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ፣ ወይም ካርቡራተሩ፣ ካልሆነም ሞተሩ ራሱ ችግር አለበት።

ቀጥሎ ጭሱን እዩ፤ ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። በብርድ ጠዋት የሚወጣና ወዲያው የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት አያስፈራም። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው፣ ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። ይህ ሞተር ማስወረድ የሚጠይቅ ጥገና ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቶ መቃጠሉን ያሳያል፤ የአየር ማጣሪያ ወይም የካርቡራተር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በአብዛኛው በቀላሉ ይስተካከላል። ሰማያዊ ከሆነ ትልቅ ወጪ፣ ጥቁር ከሆነ ትንሽ ወጪ ብላችሁ ያዙት።

የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ጨርቅ ላይ ጥረጉ። ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካያችሁ፣ ሞተሩ ውስጥ ብረት ብረትን እየበላ ነው። ዘይቱ ትናንት የተቀየረ ያህል ንጹህ ከሆነም መጠየቅ አይከፋም፤ ወፍራም ዘይት የሞተርን ጫጫታ ለጥቂት ቀን ሊያፍን ይችላል።

ከሞተሩ በኋላ ወደ አካሉ ኑ። የወለሉን ምንጣፍ አንሡ። ሰው የሚረግጠውና ውሃ የሚተኛበት ቦታ ስለሆነ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ብየዳ ካያችሁ ሻንሲው ላይ ነው ወይስ ላሜራው ላይ ብላችሁ ለዩ። ላሜራ ቢበየድ የመልክ ጉዳይ ነው፤ ሻንሲው፣ ማለትም ተሽከርካሪው የቆመበት አጽም፣ ከተበየደ ግን ባጃጁ ተገልብጦ ወይም ተጋጭቶ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ጠይቁ።

ቀለም የሸፈነውን ለማየት አንድ ቀላል መሣሪያ አለ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የምትወጣዋን ማግኔት ያዙ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ እያስነካችሁ ሂዱ። ብረት ባለበት ትይዛለች። ስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳና ጉድጓድ የሚደፈንበት ጭቃ መሰል ሙሊት፣ በወፍራሙ ከተቀባ አትይዝም። ማግኔቷ የወደቀችበት ቦታ ሁሉ አንድ የተደበቀ ነገር አለ።

ከዚያ ጎማዎቹን እዩ። አንዱ ጎማ በአንድ ወገኑ ብቻ ተበልቶ ከሆነ፣ የፊት ሹካው ወይም ሻንሲው ተጣሞ ሊሆን ይችላል። መሪውን ይዛችሁ ፍሬኑን እየያዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ኩሽኔታው፣ ማለትም መሪው የሚዞርበት የብረት ኳስ ቀለበት፣ ላልቷል። ፍሬቻው፣ የፊት መብራቱ፣ የኋላ መብራቱና ጡሩምባው ሁሉም ይሠሩ እንደሆነ ሞክሩ፤ የዓመት ምርመራ ላይ የሚጥሉት እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

በመጨረሻ መንዳት አለ። ዳገት ይመረጥ። ሞተሩ እየጮኸ ባጃጁ ግን ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ ይንሸራተታል። ማርሹ ዳገት ላይ በራሱ ከወጣ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ታሟል። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ያዙ፤ ወደ አንድ ወገን ይጎትታችኋል ወይ? ቆማችሁም የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ ይይዛል ወይ? የሰው ነፍስ የምትጭኑበት ነውና ፍሬን ላይ «ይሁን» አይባልም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ሊነካካ ይችላል። የፍሬን መርገጫው ጎማና የሹፌሩ ወንበር ምን ያህል እንዳለቁ እዩ። ቆጣሪው ጥቂት ነድቻለሁ እያለ መርገጫው ከተላጠ፣ እውነቱን የሚናገረው መርገጫው ነው።

ይህን ሁሉ ብቻችሁን አታድርጉ። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። መካኒኩ ሻጩ የሚመርጥላችሁ ሰው አይሁን፤ ደላላው የሚያመጣላችሁም አይሁን። የቀን ዋጋውን እናንተ ከፍላችሁ፣ ለእናንተ ብቻ የሚናገር ሰው ይሁን። ቀን በብርሃን፣ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። በዚያ ቀን ገንዘብ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የዓይን ቀን የዓይን ቀን ነው።

ወጣታችን ሱሉልታ ሄዶ ያየው ባጃጅ ፋሻው ደህና ነው፣ ፍሪሲዮኑ ግን አልቋል፣ ወንበሩም ተቀዷል። እነዚህን ጻፈ። የሚጠገኑ ጉድለቶች የመደራደሪያ ጉልበት ናቸውና፣ ዋጋ ሲነጋገር ይጠቅሙታል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሱሉልታን አይቶ ወደ ሰበታ ሄደ፤ ያማረውን ባጃጅ ለማየት። ሞተሩ ይነሣል፤ ቀለሙ ያበራል። ወረቀቱን ሲጠይቅ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሻጩ ያመጣው ሊብሬ፣ የባለቤትነት ደብተሩ፣ በሌላ ሰው ስም ነው። ሻጩ በውክልና ነው የሚሸጠው። ሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ደግሞ ከሊብሬው ጋር በአንድ አኃዝ ይለያያል፤ ቦታው እንደ መፋቅ ብሏል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ አባቶች። በተሽከርካሪ ጉዳይ ወረቀት የበሬው ዋስ ነው። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ደረጃ እንግባ።

አንደኛ፣ ሦስት ቁጥሮችን አመሳክሩ፦ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር። ሦስቱም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። አንድ አኃዝ ብቻ ቢለይ፣ «የጸሐፊ ስህተት ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ስህተት ከሆነ የጻፈው መሥሪያ ቤት ያርመውና ተመልሳችሁ ትገዛላችሁ። የተፋቀ ቁጥር የስርቆት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የተሰረቀ ንብረት ደግሞ ከእጃችሁ ይወሰዳል፣ እናንተም ፖሊስ ጣቢያ ቃል ትሰጣላችሁ።

ሁለተኛ፣ በሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው ከፊታችሁ የቆመው ሰው ነው ወይ? መታወቂያውን እዩ። በውክልና ከሆነ፣ ውክልናው ይህን ተሽከርካሪ ለመሸጥ ሥልጣን መስጠቱ በግልጽ መጻፉን አረጋግጡ፤ የሰጠውን መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ትክክለኛ መሆኑን ጠይቁ። ወካዩን በስልክ ሳይሆን በአካል ማግኘት ከተቻለ እጅግ ይመረጣል። ውክልና ሊሻር እንደሚችል፣ ወካዩ ከሞተም እንደሚቋረጥ አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ዕዳና እገዳ አለበት ወይ? ብዙ ባጃጅ በብድር ይገዛል። አበዳሪው ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ በተሽከርካሪው ላይ እገዳ ያስመዘግባል። ተሽከርካሪው ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከሻጩ ጋር ሄዳችሁ ፋይሉ ነጻ መሆኑን ጠይቁ። ይህን ለማድረግ የሚያመነታ ሻጭ ምክንያት አለው።

አራተኛ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፤ ንብረቱ የጋራ ሊሆን ይችላልና። ያላገባ ከሆነም ማስረጃ ይጠየቃል። ይህን ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ፣ ውል ሊረጋገጥ በተቀመጣችሁበት ቀን ሥራው ይቆማል።

አምስተኛ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን። ቦሎ በየዓመቱ ተሽከርካሪው ተመርምሮ ማለፉን የሚያሳየው ምልክት ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው። ጊዜያቸው መቼ እንደሚያልቅ አይታችሁ፣ ያለፈ ከሆነ ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ።

ስድስተኛ፣ ባጃጅ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት የሥራ ፈቃዱ ነው። ባጃጁን መግዛት መስመሩን መግዛት አይደለም። በየከተማው ባጃጆች በማኅበር ይደራጃሉ፤ የጎን ቁጥር አላቸው፤ የሚሠሩበት ክልል ይወሰናል። ከሱሉልታ የተገዛ ባጃጅ ቡራዩ ገብቶ እንዲሠራ ይፈቀድለታል ወይ? ማኅበሩ ይቀበላል ወይ? ይህን የሚመልሱት የቡራዩ ማኅበርና የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ናቸው እንጂ ሻጩ አይደለም። መመሪያም ይለወጣል፤ አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ባጃጆችን ከመንገድ ለጊዜው አግዳ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሄዳችሁ በአካል ጠይቁ። ሥራ የማይፈቀድለት ባጃጅ የቱንም ያህል ቢያምር ግቢ ውስጥ የቆመ ብረት ነው።

ወጣታችን የሰበታውን ትቶት ተመለሰ። ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ወረቀቱ ግን አልቆመም። ቡራዩ ገብቶ ማኅበሩንና የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠየቀ። የሱሉልታው ባጃጅ ዝውውሩን ጨርሶ እንደሚገባ ተነገረው። አሁን ወደ ገንዘቡ ደረሰ።

(አጭር ሙዚቃ)

ገንዘብ ከቀብድ ይጀምራል። ስለ ቀብድ ሕጋችን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያሳያል። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ የሚሠራው ግን ቀብዱ በጽሑፍ ከሆነ፣ የተቀባዩ ማንነት ከታወቀና ምስክር ካለ ነው። ለማታውቁት የስልክ ቁጥር የተላከ ገንዘብ እጥፉን የሚመልስ ሰው የት ይገኛል?

ስለዚህ ቀብድ ስትሰጡ አራት ነገር ወረቀቱ ላይ ይስፈር፦ «ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱ፣ የባጃጁ ሦስት ቁጥሮች፣ ሙሉ ዋጋውና ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ የሁለታችሁና የምስክሮች ፊርማ። ቀብዱም አነስተኛ ይሁን።

ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት፣ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው ዘንድ፣ በሚፈረምበት ዕለት ይሁን። በባንክ ወደ ባለቤቱ ሒሳብ አስተላልፉ፤ የሒሳቡ ስም ከሊብሬው ስም ጋር ይግጠም። የዝውውሩ ምክንያት ላይ «የባጃጅ ግዢ» ብላችሁ ሰሌዳውን ጻፉ። ደረሰኙን ያዙ። ውሉ ላይ ሙሉውን እውነተኛ ዋጋ ጻፉ። ክፍያ ለመቀነስ ብላችሁ ዝቅ ያለ ዋጋ ብታስጽፉ፣ ነገ ክርክር ሲነሣ የከፈላችሁትን ሙሉ ገንዘብ ማስመለስ ይከብዳችኋል።

ከዚያ በኋላ ስሙን ወዲያው አዛውሩ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ይመዘገባል፤ ሊብሬው በስማችሁ እስኪዞር ድረስ በመዝገብ የሚታወቀው ባለቤት የቀድሞው ሰው ነው። «ቆይ ሥራ ልጀምርና አዛውራለሁ» ብለው የቆዩ ሰዎች፣ ሻጩ አገር ጥሎ ሲሄድ ወይም ሲሞት ከወራሽ ጋር ይከራከራሉ። ሻጩም ቢሆን ስሙ ሳይዞር ከቆየ፣ በማያውቀው አደጋ ስሙ ይጠራል። ፈጥኖ ማዛወር ለሁለቱም ሰላም ነው።

በጀታችሁንም በባጃጁ ዋጋ አትጨርሱት። የስም ማዛወሪያ፣ ቦሎ፣ መድን፣ የማኅበር መግቢያና የመጀመሪያው ወር ጥገና አለ። ከያዛችሁት ገንዘብ ከአሥር አንዱን እጅ ብታስቀሩ መልካም ነው።

ከገዛችሁ በኋላ የተደበቀ ጉድለት ብታገኙስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል። ነገር ግን ገዢው ሲገዛ ያወቀውን፣ ወይም ግልጽ ሆኖ እያለ ሳያይ ያለፈውን ጉድለት ሻጩ አይጠየቅበትም። ዕቃውን እንደተረከባችሁ በቶሎ መርምራችሁ፣ ጉድለት ስታገኙ ሳትዘገዩ ለሻጩ ማሳወቅም የእናንተ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሕጉም እንደ ገበያው ሰው ያስባል፤ ዓይኑን የተጠቀመውን ይጠብቃል።

ምናልባት ገንዘብ ልካችሁ የተታለላችሁ አድማጮች ካላችሁ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ስልኩ ላይ እንዳሉ ፎቶ አንሡ። የስልክ ቁጥሩን፣ የግብይት ቁጥሩንና ሰዓቱን ጻፉ። በቴሌብር ከሆነ ወዲያው ወደ 127 ደውሉ፤ በባንክ ከሆነ ወደ ባንካችሁ ሂዱ። ከዚያ ለፖሊስ አመልክቱ። በኮምፒዩተርና በስልክ የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ፈጥኖ ያመለከተ ሰው ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የመድረስ ዕድል አለው፤ ማስታወቂያውን ማጋለጡም ጎረቤቱን ያድናል።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለን። እናንተም ቅደም ተከተል አላችሁ። «ልኬአለሁ» ተብሎ በሚመጣ የስልክ መልእክት ወይም ፎቶ ብቻ ቁልፍ አትስጡ፤ መልእክት ሊፈበረክ ይችላል። ሒሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ። የሊብሬ ፎቶ ለሁሉም ሰው አትላኩ። ሰሌዳውን ሳትሸፍኑ፣ ጉድለቱን ሳትደብቁ ያወጣችሁት ማስታወቂያ፣ እንደ ሱሉልታው ሻጭ፣ እውነተኛውን ገዢ ፈልጎ ያመጣላችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መጨረሻው ደርሰናል፤ ያልነውን እንሰብስበው።

መጀመሪያ ዓይን፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይነሣ፣ ጭሱ ይታይ፣ ምንጣፉ ይነሣ፣ ማግኔቷ ትሥራ፣ ዳገትና ቁልቁለት ይሞከር፣ የራሳችሁ መካኒክ ከጎናችሁ ይሁን።

ቀጥሎ ወረቀት፦ ሦስቱ ቁጥሮች ይግጠሙ፣ ባለቤቱ በአካል ይታወቅ፣ ዕዳና እገዳ ይጣራ፣ የትዳር ሁኔታ ይጠየቅ፣ ቦሎና መድን ይታይ፣ ማኅበሩ ይፍቀድ።

መጨረሻ ገንዘብ፦ ቀብድ በጽሑፍ፣ ቀሪው በባንክ፣ ውሉ በሙሉ ዋጋ፣ ስሙ ወዲያው።

የቡራዩው ወጣታችን በምሳሌያችን የገዛው፣ ማታ ስልኩ ላይ ሲያየው ከሦስቱ በመልክ ያነሰውን፣ ወንበሩ የተቀደደውን የሱሉልታ ባጃጅ ነው። የፍሪሲዮኑን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሶ፣ ወንበሩን ራሱ አሰፍቶ፣ ሊብሬው በስሙ ዞሮለት ሥራ ጀመረ።

እናንተም ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስልካችሁ ላይ ማስታወቂያ ስታዩ፣ ባጃጅም ይሁን መኪና፣ ማቀዝቀዣም ይሁን ስልክ፣ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ገንዘቡን የተጠየቅሁት በስንተኛው ተራ ላይ ነው? በሦስተኛው ከሆነ ቀጥሉ። በመጀመሪያው ከሆነ ግን የበሬ ገበያውን አስታውሱ፤ ጥርሱን ላላዩት በሬ መቀነት አይፈታም።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)